ሦስት አራት ቋንቋ መናገር ለሚፈልግ የጎንደር ሰው፦ የትኛውን ማስቀደም፣ በየትኛው መንገድ መማር?

ጎንደር ውስጥ ቋንቋ ልማር ብሎ የተነሣ ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ ጎብኚ ሲመለስ የሚያዋጣው ጣሊያንኛ ነው ይላል፤ ሌላው ጀርመንኛ ይዘህ ውጣ ይላል፤ ሦስተኛው አፋን ኦሮሞ ሳይችሉ አዲስ አበባ ሥራ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። ስልክ ሲከፈት ደግሞ «በ3 ወር 5 ቋንቋ» የሚል ማስታወቂያ ይቀድማል። ምክሩ የሚያደናግረው እያንዳንዱ ከመካሪው ኑሮ አንጻር ሲታይ ልክ ስለሆነ ነው። መጨረሻውም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አራት ቋንቋ ይጀመርና አራቱም ሰላምታና የራስን ስም ማስተዋወቅ ላይ ይቆማሉ።

እዚህ የምናነጻጽረው የትኞቹን ቋንቋዎች፣ በምን መንገድና በምን ቅደም ተከተል የሚለውን ነው። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ከመስፈርቶቹ ሁሉ ሚዛን የሚደፋው በየሳምንቱ በዚያ ቋንቋ የሚያናግርዎ ሰው ማግኘትዎ ነው። መጽሐፍ፣ አፕና ሰርተፍኬት ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ጀምሮት ነበር፤ ወደፊት የገፋው ግን እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከኢትዮጵያዊው ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኝቶ፣ በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ አስመጥቶት አብረው ከሠሩ በኋላ ነው። የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ በ1698 ታተመ።

## «ችያለሁ» ለማለት ስንት ይበቃል?

የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መለኪያ ስድስት ደረጃ አለው፦ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1፣ ሲ2። ኤ2 ላይ ያለ ሰው ገበያ ይገበያያል፣ መንገድ ይጠይቃል፣ ስለ ቤተሰቡ ይናገራል። ቢ1 ላይ ያለ ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው እየተንተባተበም ቢሆን ይወጣዋል። ቢ2 ላይ የደረሰ ከባለቋንቋው ጋር ሁለቱም ሳይቸገሩ ያወጋል፣ ይከራከራል። አብዛኛው ሰው «አቀላጥፌ ልናገር» ሲል የሚያልመው ይህን ቢ2 ነው።

ካምብሪጅ ለእንግሊዝኛ ፈተናዎቹ ቢ1 ለመድረስ ከ350 እስከ 400፣ ቢ2 ለመድረስ ከ500 እስከ 600 ሰዓት በአስተማሪ የታገዘ ትምህርት ይገምታል። ሥራና ቤተሰብ ያለበት ሰው በሳምንት 6 ሰዓት ቢቆጥብ በዓመት 300 ሰዓት ያህል ያገኛል። በዚህ ሒሳብ አንድ ቋንቋ ከዜሮ ቢ2 ለማድረስ 2 ዓመት፣ ሦስት ቋንቋ ደግሞ 6 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ሁሉንም እኩል ላድርስ ብሎ መነሣት አያዋጣም። አንዱን ቢ2፣ ሌላውን ቢ1፣ ሦስተኛውን ኤ2 ላይ አቁሞ እንዳይጠፋ መጠበቅ ብዙውን ጉዳይ ይፈታል። አስጎብኚ በጣሊያንኛ ስለ ግብር ሕግ መከራከር አያስፈልገውም፤ ጀርመን አገር በነርስነት መሥራት የምትፈልግ ልጅ ግን ከቢ2 በታች ይዛ ብትሄድ ብዙ አትራመድም።

## መስፈርቶቹ

ሰው። በእግር ወይም በባጃጅ በሚደረስበት ርቀት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚያወጋዎት ሰው ስም መጥራት ይችላሉ? ስሙን መጥራት ካልቻሉ ያ ቋንቋ ለጊዜው ወደ ታች ይውረድ።

ቅርበት። ኢንተርኔት ላይ የሚዘዋወር አንድ ዝርዝር አለ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ከሚያሠለጥንበት ተቋም የወጣ ሲሆን ለፈረንሳይኛና ለጣሊያንኛ ከ600 እስከ 750፣ ለጀርመንኛ 900፣ ለአማርኛና ለዕብራይስጥ 1,100፣ ለዐረብኛና ለቻይንኛ 2,200 የክፍል ሰዓት አካባቢ ያስቀምጣል። የእኛ ሰው ይህን አይቶ «ዐረብኛ የማይደፈር ነው» ብሎ ይተወዋል። ስሌቱ የተሠራው ግን አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ ለሆነ ሰው ነው። ግስን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ቃልን ከሦስት ተነባቢ የሚያራባ፣ ማጥበቅና ማላላትን በጆሮው የሚለይ ሰው መነሻው ሌላ ነው። ያንን ዝርዝር ይተዉት።

መማሪያ። ከአማርኛ ተነሥቶ የሚያስተምር መጽሐፍ፣ ድምፅ ወይም ቪዲዮ አለ ወይስ በእንግሊዝኛ በኩል መዞር ግድ ነው?

የሚከፍተው በር። ሥራ፣ ትምህርት፣ ንግድ፣ ጋብቻ፣ ሃይማኖት የትኛውም ይሁን፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ መቻል አለበት። «ጥሩ ስለሆነ» የሚለው ምክንያት ክረምቱን አይሻገርም።

ወጪ። የአስተማሪ፣ የዳታና የፈተና ተብሎ ለየብቻ ይቆጠር። ፈተናው አዲስ አበባ ከሆነ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የመንገድ ወይም የአውሮፕላን ወጪና ማደሪያ ይጨመርበታል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

## ቋንቋዎቹ አንድ በአንድ

### እንግሊዝኛ፦ የተጀመረውን መጨረስ

ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ተምሮ 12ኛን የጨረሰ ሰው ብዙ ያነባል፣ ትንሽ ይጽፋል፣ አፉ ግን አይፈታም። ማንበብና መስማት ቢ1 አካባቢ ከሆነ ቢ2 ለመድረስ የሚቀረው 200 ሰዓት ገደማ ነው፤ በሳምንት 6 ሰዓት ቢሰጠው 8 ወር። በዚህ ዋጋ ሌላ ቋንቋ አይገኝም። ሁለተኛው ምክንያት ለዐረብኛ፣ ለፈረንሳይኛ፣ ለጀርመንኛ፣ ለዕብራይስጥ የተዘጋጁት መጻሕፍትና አፖች አብዛኞቹ ማብራሪያቸው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ታዋቂው የቋንቋ መማሪያ አፕ ዱኦሊንጎ እንኳ ከአማርኛ ተነሥቶ የሚያስተምርበት ኮርስ የለውም። ደካማ እንግሊዝኛ ይዞ ጀርመንኛን በእንግሊዝኛ መማር ሁለት ያልታወቁ ነገሮችን በአንድ ጊዜ መፍታት ነው።

ስሕተቱ ያለው ሰዋስው ላይ ተመልሶ መቀመጥ ላይ ነው። ጎድሎ ያለው ንግግር ስለሆነ ከ6ቱ ሰዓት 4ቱ አፍ የሚከፈትባቸው ይሁኑ።

### አፋን ኦሮሞ

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከአማርኛ ሌላ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ወስኗል። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ለባንክ፣ ለሕክምናና ለረድኤት ድርጅት ሥራ የሚያስብ የጎንደር ልጅ ከአገር ውስጥ ቋንቋዎች ይህን ቢያስቀድም አይቆጨውም።

ሰው ማግኘት ያስቸግራል ተብሎ ይታሰባል፤ ይሁንና ዩኒቨርሲቲው አለ። በማራኪ፣ በአፄ ቴዎድሮስና በአፄ ፋሲል ግቢዎች ከሌላ ክልል የመጡ ተማሪዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ደግሞ አማርኛቸውን ማሻሻል ይፈልጋሉ። ግማሽ ሰዓት በእነሱ ቋንቋ፣ ግማሽ ሰዓት በእርስዎ ቢሆን ገንዘብ አይገባበትም።

ቅርበቱ መካከለኛ ነው። ቋንቋው ኩሻዊ ስለሆነ መሠረታዊ ቃላቱ እንግዳ ናቸው። የዓረፍተ ነገሩ አደራደር ግን እንደ አማርኛው ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ ነውና ሲናገሩ ሐሳብ መገልበጥ አያስፈልግም። ድምፆቹም ቤተኛ ናቸው፤ በቁቤ አጻጻፍ «ኤክስ» ጠ፣ «ሲ» ጨ፣ «ኪው» ቀ፣ «ፒ» እና «ኤች» ሲጣመሩ ጰ ናቸው። አዲስ የሚሆነው ዸ ነው፤ የምላስ ጫፍ ወደ ላንቃ ተጠምዝዞ የሚነገር ድምፅ ነው።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ በአማርኛ ፊደል የተጻፉ የሐረግ መጻሕፍትን መከተል ነው። ቁቤ አናባቢውን ሲደግም ርዝመት፣ ተነባቢውን ሲደግም ጥብቀት ያሳያል፤ የእኛ ፊደል ሁለቱንም ይደብቃል። በአጭር አናባቢ ሲነገር «መሬት» የሆነው ቃል ሁለቱም አናባቢዎቹ ሲረዝሙ «ለስላሳ» ይሆናል፤ በእኛ አጻጻፍ ግን ሁለቱም «ላፋ» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። ቁቤን በመጀመሪያው ሳምንት ይጨርሱት፤ እንግሊዝኛ ለሚያነብ የ3 ወይም የ4 ቀን ሥራ ነው። ሁለተኛው «ን» ነው። አማርኛ «ን»ን የሚለጥፈው ተሳቢው ላይ ነው፤ አፋን ኦሮሞ ደግሞ ባለቤቱ ላይ። «ነምኒ ዹፌ» ሰውየው መጣ ማለት ነው፤ «ነማ አርጌ» ሲባል ደግሞ የታየው ሰው ያለ ምንም ቅጥያ ይቆማል። የአማርኛ ጆሮ «ኒ» ሲሰማ ወዲያው ተሳቢ ፍለጋ ይሄድና ማን ማንን እንዳየ ይገለብጠዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ባለቤትና ተሳቢ ያለባቸውን 30 ያህል አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አፍ እስኪለምድ ደጋግሞ ማለት ነው።

ከዚህ በተረፈ የወለጋው፣ የሸዋውና የሐረርጌው አነጋገር ስለሚለያይ እስከ ቢ1 ድረስ የአንድ አካባቢ ተናጋሪ ይያዙ።

### ዐረብኛ

ጎንደር ከመተማ በኩል ከሱዳን ጋር የምትገናኝ ከተማ ናት፤ አዲስ ዓለም ሰፈር ደግሞ ከጥንት የሙስሊም ሰፈር ነው። ከሱዳንና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የተመለሰ ሰውም በየሰፈሩ አይታጣም። ሰው ከማግኘት አንጻር ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ የሚመጣው ይኸው ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ጥያቄ «የትኛው ዐረብኛ?» ነው፤ ከመክፈልዎ በፊት ይመልሱት። ዜና፣ መጽሐፍና ደብዳቤ የሚጻፈው በፉስሃ ነው። ሰው ቤቱ የሚናገረው ግን የየአገሩን አነጋገር ነው። በፉስሃ «ቃለ» (አለ) የሚባለው ሱዳን ውስጥ «ጋል»፣ ካይሮ ውስጥ «አል» ይሆናል። «ምን?» ለማለት ሱዳናዊው «ሺኑ»፣ ግብፃዊው «ኤህ»፣ የጅዳ ሰው «ኤሽ» ይላል። በዚህ ምክንያት አስተማሪ ሲመረጥ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መድረሳ ገብቶ የተማረ ሰው ንባቡና ሰዋስዉ ጥርት ያለ ቢሆንም የገበያ ወሬ ላይ ሊቸገር ይችላል፤ ሪያድ ሠርቶ የተመለሰ ደግሞ እንደ ውሃ እያወረደው ጋዜጣ ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። ፊደልና ሰዋስው ከመጀመሪያው፣ ወሬ ከሁለተኛው መማር ይሻላል።

ፊደሉ 28 ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። 6ቱ ፊደላት ከሚከተላቸው ጋር አይያያዙም፤ ሌሎቹ ቃሉ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ ሲሆኑ ቅርጻቸው ይለወጣል። በቀን 30 ደቂቃ ተሰጥቶት በ3 ሳምንት ይለመዳል። ከዚያ በኋላ የሚያስቸግረው አጫጭር አናባቢዎች አለመጻፋቸው ነው፤ ቃሉን የማያውቅ ሰው በትክክል ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 500 ቃላት ከድምፅ ጋር ይያዙ።

አማርኛ የሚያግዘው ቃላት ላይ ነው። በይት (ቤት)፣ ደም፣ ዐይን፣ ሑልም (ሕልም)፣ ዓም (ዓመት) ባዳ አይደሉም፤ ቃልን ከሥር ፊደላት ማርባቱም የለመድነው ነው። አንድ ያልተጠበቀ ጥቅምም አለ፦ ሐ እና ዐ በአማርኛ ድምፃቸው ከሀ እና ከአ ጋር ቢቀላቀልም ዐረብኛ ውስጥ በሕይወት አሉ። ሕልምን በሐመሩ ሐ፣ ዐይንን በዐይኑ ዐ መጻፍ የለመደ ሰው ዐረብኛው የት ጉሮሮ እንደሚጠይቅ ቀድሞ ይገምታል።

### ትግርኛና ግዕዝ

ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣናቸው አንድ ላይ እንዳይጀመሩ ለማስጠንቀቅ ነው።

ትግርኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ የቀረበ ነው፤ ፊደሉ እንደ ቐ ያለ ከመጨመሩ በቀር ያው ነው፣ አደራደሩም ይቀራረባል። አደጋውም ከዚያው ይመጣል። መስማቱ በ2 ወር ይገባል፤ ተማሪው ስለገባው ብቻ የቻለ ይመስለዋል፤ አፉ ግን አማርኛ ላይ ቀርቷል። ቅርበቱ የሚያሳስታቸው ቃላትም አሉ፤ በትግርኛ «ሎሚ» ዛሬ ነው፣ «ገዛ» ቤት ነው። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መናገር ነው፤ አድማጩ በአማርኛ ቢመልስም እርስዎ በትግርኛ ይቀጥሉ።

ግዕዝ የሚነገር ቋንቋ ስላልሆነ ከ«አቀላጥፌ ልናገር» ዝርዝር ውስጥ ያውጡት። ለማንበብና ለመቀኘት ከሆነ ግን አገሩ ጎንደር ነው፤ የበኣታ ቤተ ክርስቲያን በአቋቋም (በዝማሬና በሽብሸባ ትምህርት) ምስክርነት የታወቀ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ግስና አገባብ በደንብ የሚፈታው ቅኔ ቤት ነው፤ ያ ደግሞ በትርፍ ሰዓት የሚሆን ነገር አይደለም። ለመጽሐፍ ንባብ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከመሪጌታ ጋር በሳምንት 2 ሰዓት ተቀምጦ ከዳዊት መጀመር በቂ ነው።

### ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ

ሦስቱን እርስ በርስ እናወዳድራቸው፤ ሰው የሚወዛገበውም በእነዚህ መካከል ነው።

ለአፍ የሚቀለው ጣሊያንኛ ነው። እንደተጻፈ ይነበባል፤ ማጥበቅና ማላላት ትርጉም መለየቱም ለእኛ ብርቅ አይደለም። «ኖኖ» ላልቶ ሲነገር ዘጠነኛ፣ ጠብቆ ሲነገር አያት ነው፤ እንግሊዛዊ ተማሪ ወራት የሚፈጅበትን ይህን ልዩነት የጎንደር ልጅ መጀመሪያውኑ ይሰማዋል። ፈረንሳይኛ በተቃራኒው ነው፤ የቃሉ መጨረሻ ይጻፋል እንጂ አይነገርም፣ በአፍንጫ የሚወጡ አናባቢዎች አሉት። ስለዚህ ፈረንሳይኛ ከዓይን በፊት በጆሮ ይጀመር። ለዚህ የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ራዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበው የ10 ደቂቃ ዜና ይረዳል፤ ከኤ2 በፊት ግን አይሞክሩት። ጀርመንኛ ድምፁ ግልጽ፣ ሰዋስዉ ከባድ ነው፤ ስሞች በሦስት ጾታ ይከፈላሉ፣ አራት ሙያ (ባለቤት፣ ተሳቢ እየሆኑ ሲገቡ የሚለዋወጥ መልክ) አላቸው። በበታች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሱ መጨረሻ ላይ ሲወድቅ ግን ሌላው ተማሪ ሲያማርር የእኛ ሰው ቤቱ የገባ ይመስለዋል።

ጀርመንኛ ነፃ መማሪያ በማግኘት ይበልጣቸዋል። ሰዉ «ጀርመን ድምፅ» የሚለው ዶይቼ ቬለ ከዜሮ እስከ ቢ1 የሚያደርስ የቪዲዮ ኮርስ በነፃ ያቀርባል፤ በዝግታ የሚነበብ ዜናም አለው። ለትዳር ጓደኛ ቪዛ ኤ1፣ በነርስነት ለመታወቅ ብዙ ጊዜ ቢ2 ይጠየቃል። የጀርመንኛውን ፈተና የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው የጎተ ተቋም ነው፤ ለፈረንሳይኛው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ አለ።

ለአስጎብኚነት ከሆነ ምርጫው በቋንቋው ቅለት አይወሰን። ከደባርቅ ተነሥቶ ስሜን ተራሮች ላይ ለቀናት መንገደኛ የሚመራ ሰው እየተከፈለው የሚማርበት ሰዓት አለው። የጎብኚው ቁጥር በቀነሰባቸው በእነዚህ ዓመታት ግን በዚህ ተስፋ ብቻ አዲስ ቋንቋ ከዜሮ መጀመር አይመከርም።

ዕብራይስጥ ወደ እስራኤል ለሚሄድ ወይም የቀድሞዋን የቤተ እስራኤል መንደር ወለቃን ለሚያስጎበኝ ሰው ተገቢ ነው፤ 22 ፊደል አለው፣ ዐረብኛን ለያዘ ሰው ሰዋስዉ ይቀላል። ቻይንኛ ከኩባንያ ጋር ውል ለሌለው ሰው ጎንደር ውስጥ የሚያናግረው ማግኘት ይቸግረዋል።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ቋንቋ | ጎንደር ላይ የሚያናግር ሰው | ለአማርኛ ተናጋሪ ቅርበት | መማሪያ | ዋና መሰናክል | ምክንያታዊ ግብ |
|---|---|---|---|---|---|
| እንግሊዝኛ | በቀላሉ | ተጀምሯል | እጅግ ብዙ | አፍ አለመፍታት | ቢ2 |
| አፋን ኦሮሞ | በዩኒቨርሲቲው በኩል | መካከለኛ | መጠነኛ | ርዝመት፣ የባለቤት «ን» | ቢ1–ቢ2 |
| ዐረብኛ | አለ | በቃላት ቅርብ፣ በድምፅ ሩቅ | ብዙ፣ በእንግሊዝኛ | ፉስሃ ወይስ አነጋገር | ቢ1 |
| ትግርኛ | አለ | በጣም ቅርብ | ጥቂት | ሰምቶ ዝም ማለት | ቢ2 |
| ግዕዝ | መምህራን አሉ | ቅርብ | ብዙ | የሚነገር አይደለም | ንባብ |
| ጣሊያንኛ | ጥቂት | በድምፅ ቅርብ | ብዙ፣ በእንግሊዝኛ | የሚያናግር ማጣት | ኤ2–ቢ1 |
| ፈረንሳይኛ | ጥቂት | ሩቅ | ብዙ፣ በእንግሊዝኛ | አጻጻፍና አነባበብ | ቢ1 |
| ጀርመንኛ | ጥቂት | ሩቅ | ብዙ፣ ነፃ | ጾታና ሙያ፣ የፈተና ጉዞ | ቢ1–ቢ2 |

## በየትኛው መንገድ?

የቡድን ክፍል ከመመዝገብዎ በፊት አንድ ሒሳብ ይሥሩ። 20 ተማሪ ባለበት የ60 ደቂቃ ክፍል አስተማሪው ግማሹን ሰዓት ቢናገር ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ክፍል ለፊደል፣ ለሰዋስው መሠረትና ለፈተና ዝግጅት ይጠቅማል፤ ለንግግር ግን ከ6 ሰው በላይ ባለበት ገንዘብዎን አያፍስሱ። የ3 ወር ክፍያ በአንድ ጊዜ አይስጡ፤ በ8 ክፍለ ጊዜ እየከፈሉ ይቀጥሉ።

አፕ ፊደል ለማስለመድና ዕለታዊ ልማድ ለመያዝ ነው። ዱኦሊንጎ ላይ ዐረብኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛ አሉ፤ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ የሉም። ኔትወርክ ሲጠፋ እንዳይቆም ድምፅና ቪዲዮ አስቀድመው ያውርዱ።

ካርድ። አንኪ የተባለው የክለሳ ፕሮግራም ለአንድሮይድና ለኮምፒውተር ነፃ፣ ለአይፎን በክፍያ ነው። የሚሠራው ሊረሱት ሲቃረቡ መልሶ እየጠየቀ፣ ክፍተቱን ከቀን ወደ ሳምንት፣ ከሳምንት ወደ ወር እያራቀ ነው። የብዙ ሰው ስሕተት በጉጉት በቀን 30 አዲስ ካርድ መጨመር ነው። በቀን 10 እንኳ ሲጨመር ከወር በኋላ የዕለቱ ክለሳ ከ70 እስከ 100 ይደርሳል፤ 30 ከሆነ ክለሳው ሰዓት ይፈጃል፣ ሦስት ቀን ከታለፈ ይከመራል፣ ከዚያ ይተዋል። በሁሉም ቋንቋ ተደምሮ ከ10 አይለፉ። ካርዱ ላይ ነጠላ ቃል ሳይሆን ባለቋንቋው የተናገረው አጭር ዓረፍተ ነገር ከነድምፁ ይግባ። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ማስላክ ቀላሉ ዘዴ ነው።

ልውውጥ ወይም የግል አስተማሪ። ከመንገዶቹ ሁሉ ውጤት የሚያመጣው ይህ ነው፤ ሥርዓት ካልተበጀለት ግን በቡና ወሬ ያልቃል። የ30 ደቂቃው አከፋፈል እንዲህ ይሁን፦ 5 ደቂቃ ያለፈው ጊዜ ዓረፍተ ነገሮች ይደገማሉ። 15 ደቂቃ በአንድ ርእስ ይወራል፤ ስልክ ላይ ያለ የቅዳሜ ገበያ ወይም የሠርግ ፎቶ ጥሩ መነሻ ነው። አድማጩ ሳያቋርጥ ስሕተቶቹን ወረቀት ላይ ይይዛል። በቀሩት 10 ደቂቃ 5 ስሕተት ብቻ ተመርጦ ይታረማል፤ የታረመው ዓረፍተ ነገር በባለቋንቋው ድምፅ ይቀዳና በማግስቱ ካርድ ይሆናል።

ይህን የሚያበላሸው ይሉኝታ ነው። የእኛ ሰው ትልቅ ሰው ሲሳሳት ማረም ነውር ይመስለዋል፤ «ጎበዝ፣ በጣም ጥሩ ነው» ይልና ያልፋል። «እባክህ አርመኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «5 ስሕተት ሳትጽፍ አትነሣም» ብሎ በቁጥር መስማማት ነው የሚሠራው። ሁለተኛው እንቅፋት ወሬው ሳይታወቅ ወደ አማርኛ መንሸራተቱ ነው። የስልክ ሰዓት ይሞላ፤ እስኪጮህ አንድም የአማርኛ ቃል የለም፤ ያልታወቀ ነገር በእጅ ምልክትም ቢሆን ይገለጽ።

አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ለሚማር አንድ ነፃ ዘዴ እንጨምር። ቢቢሲ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የዜና ገጾች አሉት። በአማርኛ ያነበቡትን ዜና በሌላው ገጽ ፈልገው ያንብቡት። ይዘቱን ስለሚያውቁት ቃሉን ከአገባቡ ይገምቱታል።

## ቅደም ተከተል፦ አብሮ፣ ተራ በተራ ወይስ እያደራረቡ?

ሁለት ቋንቋ ከዜሮ አብሮ መጀመር የሚያዋጣው በቀን 3 ሰዓት ላለው ሰው ነው፤ በሳምንት 6 ሰዓት ላለው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 3 ሰዓት ብቻ ስለሆነ አንዱን ሲያነሣ ሌላው ይረሳል። ተራ በተራ መሄድ አስተማማኝ ነው፤ ግን ወደ ቀጣዩ ሲሻገሩ የፊተኛውን ካልነኩት ይዝጋል። እኛ የምንመርጠው ማደራረብን ነው፦ ዋናው ቋንቋ 4 ሰዓት ተኩል፣ የተያዘው ቋንቋ 1 ሰዓት፣ ቀሪው ግማሽ ሰዓት ለቀጣዩ ፊደልና ድምፅ።

ቀጣዩ ዋና የሚሆነው መቼ ነው? ፈተናው ቀላል ነው፤ በስልክ፣ ፊት ሳይተያዩ፣ 15 ደቂቃ ወደ አማርኛ ሳይመለሱ ማውራት ከቻሉ ቢ1 ላይ ደርሰዋል፣ ይሻገሩ። የሚመሳሰሉ ቋንቋዎችን (ትግርኛና ግዕዝ፣ ዐረብኛና ዕብራይስጥ፣ ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ) አንዱ ቢ1 ሳይደርስ ሌላውን አይጀምሩ። መምታታት የሚበዛው ሁለቱም ገና ለጋ ሲሆኑ ነው። ቅርብና ሩቅ እያፈራረቁ መሄድ ይሻላል።

## ለማን የትኛው?

ዳታ ብቻ መግዛት ለሚችል ተማሪ፦ እንግሊዝኛን ወደ ቢ2፣ አፋን ኦሮሞን በልውውጥ ወደ ቢ1። ለአስተማሪ ምንም አይከፈልም፤ የሚከፈለው የራስን አማርኛ በማስተማር ነው።

ከአገር መውጣት ለሚያስብ የሕክምናና የነርስነት ምሩቅ፦ እንግሊዝኛው ከያዘ ጀርመንኛ ብቻ፣ ሌላ ሳይደባለቅ። እስከ ቢ1 በነፃው ኮርስ ሄዶ ገንዘቡን ከቢ1 ወደ ቢ2 ለሚወስደው አስተማሪና ለአዲስ አበባው ፈተና ያስቀምጥ። ፈተናው አራት ክፍል አለው፦ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ መናገር። ብቻውን የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በመጨረሻዎቹ ሁለት ነው።

በአገር ውስጥ ለሚቀር ሐኪምና ነርስ፦ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ፣ ሁለቱንም በሥራ ቋንቋ ደረጃ። ስለ ሕመም የሚጠየቁ 60 ያህል ጥያቄዎችን ከነመልሶቻቸው ቀድሞ ይያዝ፤ ጥያቄውን አሳምሮ ጠይቆ መልሱን አለመስማት የተለመደ ችግር ነው።

ለነጋዴ፦ ዐረብኛ፣ በሱዳኑ አነጋገር። ፊደሉ ደረሰኝና ዕቃ ላይ ያለውን ለማንበብ ያህል ይበቃል። ቁጥር፣ መለኪያና ዋጋ በመጀመሪያው ወር።

ለአስጎብኚ፦ እንግሊዝኛ ቢ2 ሳይደርስ ሌላ አይነካ። ከዚያ አንድ የአውሮፓ ቋንቋ ብቻ፤ አብረውት የሚሠሩት አስጎብኚዎች የማይችሉትን። የፋሲል ግቢንና የደብረ ብርሃን ሥላሴን ገለጻ በቃል መሸምደድ ከኤ2 ጀምሮ ይቻላል፤ ጎብኚው መሐል ላይ ጥያቄ ሲጠይቅ ነው ቢ1 የሚያስፈልገው።

በሳምንት 2 ሰዓት ብቻ ላለው፦ አንድ ቋንቋ፣ ግቡ ኤ2፣ በየሳምንቱ አንድ የ30 ደቂቃ ቀጠሮ፣ ቀሪው በቀን 15 ደቂቃ ክለሳ። ሁለተኛ ቋንቋ የሚጨመረው ሰዓቱ ሲጨምር ነው።